የሮላደኑ ተከራዮች

ባልቻን ያንጨረጨረው የሌሊት ወፎቹ መምጣት አልነበረም። እንስሳ መቼም እንስሳ ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል። ያንጨረጨረው ሰዉ ሁሉ እየመጣ እንኳን ደስ ያለህ ማለቱ ነው።

ሰውዬው ለእንዲህ ያለው ጣጣ እንግዳ አይደለም። ዙሪክ ከተማ፣ ሽዋመንዲንገን የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ የቤቶች ማኅበር ሀውስቫርት ነው፤ በሕንፃዎቹ ውስጥ የተሰበረውን ይጠግናል፣ የተደፈነውን ይከፍታል፣ የገባውን አውሬ ያስወጣል። ብስክሌት የሚቆምበት ምድር ቤት ገብታ የአንዲት አሮጊት ነጠላ ጫማ ታቅፋ የተኛችውን ቀበሮ በመጥረጊያ እንጨት እያባበለ ደረጃውን ያስወጣት እሱ ነው። መኪና ሆድ ሥር እየገባ የሞተር ገመድ የሚቆረጥመውን፣ ማርደር የሚሉትን ሽለምጥማጥ መሳይ አውሬ ሽቦ አንጥፎ ተስፋ ያስቆረጠውም እሱ ነው። አይጥ፣ ጉንዳን፣ ርግብ፣ ተርብ፣ ሁሉም ባልቻን ያውቁታል። ነዋሪዎቹም ጣሪያ ላይ ኮሽ ባለ ቁጥር ሌላ ሰው አይጠሩም። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አድሊስቪል ካለው ከገዛ ቤቱ ሲገባ፣ በገዛ ሳሎኑ መስኮት ላይ ጣቱን እንዳያሳርፍ የተከለከለው።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መባቻ ላይ ነው። ሚስቱ ራሄል በረንዳ ላይ የተከለችውን ጤና አዳም ልታጠጣ ወጥታ፣ «ጥቁር አዝሙዱን እዚህ የደፋው ማነው?» ብላ ጮኸች። ባልቻ አንዷን ፍሬ በጣቱ ፈጭቶ አሸተተና ጥቁር አዝሙድ አለመሆኑን ተረዳ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወንበር ስቦ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ከመስኮቱ በላይ ሮላደኑ፣ ማለትም እየተጠቀለለ የሚወጣና የሚወርደው መዝጊያ፣ የሚሰበሰብበት ሳጥን አለ። ከሳጥኑ ሥር ካለችው ቀጭን ክፍተት አንድ ነገር ዱብ አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። መሬት ሳይነኩ ክንፋቸውን እየዘረጉ ወደ ዚል ወንዝ ይከንፋሉ። ባልቻ መቁጠሩን ትቶ መራገም ጀመረ።

በማግስቱ መሰላል ሲያወጣ ልጁ ናፍቆት ደረሰችበት። አንድያ ልጁ ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ ዙሪክ ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች። ለበሽተኛ ሁሉ ልስልስ ናት፤ ለአባቷ ሲሆን ግን ድርቅ ትላለች።

«አባዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ላስወጣቸዋ!»

«አይቻልም። ገሹትስት ናቸው። የሚጠብቃቸው ሕግ አለ።»

«እኔንስ የሚጠብቀኝ ሕግ የለም?»

ናፍቆት ስልኳን አውጥታ ደወለች። አገሩ የሌሊት ወፍ ብቻ የሚከታተል ሰው አለው፤ ያውም ሲጠሩት የሚመጣ! ቀጭን፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ጉልበቱ የተላጠ ሰውዬ ነው። ባትሪውን ወደ ሳጥኑ አብርቶ ሲያይ ፊቱ በደስታ ፈካ። «ግራቱሊረ! እንኳን ደስ ያለዎት!» ብሎ የባልቻን እጅ ጨብጦ ወዘወዘው። ሁሉም እናቶች ናቸው አለ፤ ለመውለድ ነው የተሰበሰቡት፣ የተወለዱትም ገና ዓይናቸውን አልገለጡም። ስለዚህ ሮላደኑ ከእንግዲህ አይወርድም፣ ምንም ነገር አይረጭም፣ ክፍተቱም አይነካም። ነሐሴ ሲያልቅ በራሳቸው ጊዜ ይሄዳሉ።

«ነሐሴ ሲያልቅ?» አለ ባልቻ።

«አይዞዎት፣ በዓመቱ ተመልሰው ይመጣሉ» ብሎ ሰውዬው አጽናናው።

ከዚያ ወዲያ ባልቻ ሰላም አላገኘም። ሮላደኑ ስለማይወርድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሳሎን ገብታ ትደላደላለች፤ እሱ በገዛ ሶፋው ላይ ይቀቀላል። ጎረቤታቸው ፍራው ቬበር ወሬውን ሰምታ፣ «ምነው ለእኔ በሆነ!» እያለች ኬክ ጋግራ መጣች። ራሄል ጠበል ረጨች፤ ባልቻ እንደሚለው ከሆነ ከጠበሉ በኋላ ወፈሩ እንጂ አልቀነሱም። ከሁሉ የከፋው ግን ማንም ያልተረዳለት ነገር ነው። እሱ ባደገበት አገር የሌሊት ወፍ የሚሰፍረው ወና ቤት ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ሞቶ ወይ ተሰዶ እሳት የማይነድበት ቤት ውስጥ። ሰው ያለበት ቤት የሌሊት ወፍ ሰፈረበት ሲባል መስማት ነውር ነው። ይህንን ለሥራ ባልደረቦቹ ቢያስረዳቸው ፈገግ ብለው አዳመጡትና በጣም ደስ የሚል ባህል ነው አሉት። ጨጓራውን ላጡት።

ቁምጣ ለባሹ የሄደ ዕለት ናፍቆት በረንዳው ላይ አባቷን ይዛ ቆመች።

«ቃልህን ስጠኝ። እስኪሄዱ አትነካቸውም።»

«አልነካም አልኩ እኮ!»

«ቃል?»

«ቃል! ምን ላድርግልሽ፣ መስቀል ልምታ?»

ያን ጊዜ ነው ሌላውን ነገር ያመጣችው። ኤልዳድ የሚባል ልጅ አለ። ጄኔቫ፣ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ሽማግሌ ሊልክ ነው። ቀጥላም አማርኛ ሲያጥራት እንደምታደርገው አደረገች፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ቀስ ብላ ተናገረች።

«ካልወደድክ አልሄድም። አንተ ሳትመርቀኝ ከዚህ ቤት አልሄድም። እኔም ቃል።»

አባት የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ሊያዝንላት ይገባ ነበር። ባልቻ ግን፣ እውነቱን እንናገርና፣ ደስ አለው።

ኤልዳድን አጣርቶታል። ሥራ አለኝ ብሎ ተነሥቶ ጄኔቫ ድረስ ሄዶ፣ ኦ ቪቭ ውስጥ ያገኘውን አበሻ ሁሉ ሻይ እየጋበዘ ጠይቋል። አንድም ክፉ የሚናገርበት አጣ። ይጠጣል? አይጠጣም። ይቆጣል? እንኳን ሊቆጣ! እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ቆጠረ፤ ምነው ዘመድ በሆንን እያለ ቆጠረ፣ ዘመድም አልሆኑም። የበለጠ ያናደደውም ይኸው ነው፤ እንከን ቢገኝበት ኖሮ ሥራው በቀለለ። የልጁ ጥፋት ጄኔቫ መኖሩ ብቻ ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከጀርመንኛ ጋር ሲታገል ኖሮ አሁን ልጁን ፈረንሳይኛ አገር ሊወስዱበት! የልጅ ልጅ ቢወለድ ደግሞ በምን ቋንቋ ነው የሚያጫውተው? ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ የሚሰማው የእግሯ ኮቴ ሲጠፋ ያ ቤት ምን ሊሆን ነው? ይህን የመጨረሻውን ለራሄልም አልተናገረም።

ስለዚህ ዘዴ ዘየደ። እምቢ አይልም፤ ሰው የሚታዘበው ነገር አያደርግም። ቀን ይቀጥራል። ዘመድ ላማክር ይላል፤ ከመስቀል በኋላ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ ይላል፤ ልጁ ተሰላችቶ ሌላ እስኪፈልግ ድረስ። ናፍቆት እንደሆነች ቃሏ ቃል ነው።

ሽማግሎቹ ሐምሌ ውስጥ ቅዳሜ ቀን እንመጣለን ብለው ላኩ። ሦስት ናቸው። አንደኛው አቶ ሀብተወልድ፣ ጡረታ የወጡ አስተርጓሚ። ሁለተኛው አቶ ቢረሳው፣ የሰበካ ጉባኤ ሰው። ሦስተኛዋ ወይዘሮ ትርፍነሽ።

«ወይዘሮ?» አለ ባልቻ ስልኩን እንደያዘ።

ምን ይደረግ፣ ጄኔቫ ካለው አበሻ የሚበዛው በዲፕሎማት ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ወይዘሮ ትርፍነሽም በአንድ አምባሳደር ቤት ሲሠሩ የኖሩ፣ ኤልዳድን ብቻውን ከመጣ ጀምሮ እንደ ልጃቸው የያዙ ሰው ናቸው። ፈቃድ የሚያገኙት አምባሳደሩ ለእረፍት አገሩ ሲገባ ነው፤ ለዚህ ነው ሐምሌ የተመረጠው። ባልቻ ስልኩን ዘግቶ፣ «ሴት ሽማግሌ የት አገር ታይቷል?» ብሎ አፈጠጠ።

ራሄል ከወጥ ቤት፣ «የሌሊት ወፍስ ሳሎን ላይ የት አገር ታይቷል?» አለችው።

ይህ ነገር ልቡ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሽማግሎቹ የሚደርሱት አመሻሹ ላይ ነው። ሳሎን ገብተው በመስኮቱ ትይዩ ይቆማሉ። ልክ ንግግር ሲጀምሩ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ! ጄኔቫ ተመልሰው ምን ብለው ሊያወሩ ነው? ሽማግሌን ቀን ሰጥቶ የሚያመላልስ አባት ቢያንስ ቤቱ ነውር ሊገኝበት አይገባም።

ቅዳሜ ከሰዓት እናትና ልጅ ወጥ ቤት ዶሮ ሲገነጥሉ ባልቻ መሰላሉን አቆመ። ከሥራ ቦታው ያመጣውን ግራጫ ስፖንጅ በክፍተቷ ልክ ቆርጦ፣ ጠቅጠቅ አድርጎ ወተፈው። ለአንድ ምሽት ነው። እንግዶቹ እንደሄዱ ያወጣዋል። «እነሱን አልነካሁም፤ የነካሁት ቀዳዳውን ነው» አለ ለራሱ፣ ከመሰላሉ እየወረደ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ጉንዳን አያሳልፍም።

ሽማግሎቹ ዘግይተው ደረሱ። ዙሪክ ዋናው ጣቢያ ወደ አድሊስቪል የሚመጣውን ባቡር ፍለጋ ምድር ለምድር ሲዞሩ፣ በፈረንሳይኛ ሲጠይቁ የሚመልስላቸው አጥተው ነበር። ሲገቡ ውጭው ደብዘዝ ብሏል። ናፍቆት እንደ ወጉ መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች፤ ራሄል ወጥ ቤቱ በር ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ኧረ ተቀመጡ፣ ደክሟችኋል» አለ ባልቻ።

«የለም፣ የመጣንበትን ሳንናገር፣ ሳይሰሙንም አንቀመጥም» አሉ አቶ ሀብተወልድ። ሽማግሌ ሽማግሌ ነውና አባትየው ከመቆም ሌላ ምን ያደርጋል፣ እሱም ቆመ። አቶ ሀብተወልድ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ አቶ ባልቻ፣ የመጣነው ለደግ ነገር ነው። ልጃችን ኤልዳድ የእርስዎ ልጅ ይሁን፣ ልጅዎ ናፍቆት ደግሞ የእኛ ልጅ ትሁን ብለን...»

ባልቻ መልሱን አፉ ላይ አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነበር። «መቼም አከበራችሁኝ» ይልና፣ «ይሁን እንጂ» ይቀጥላል። ዓይኑን ወደ መስኮቱ ወርወር ያደረገው ንግግሩ እንዲያልቅ እየተጠባበቀ ነው። ሮላደኑን የሚስበው ጠፍር ከሳጥኑ ወደ ሳሎኑ የሚወርድባት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ከቀዳዳዋ አንድ ቡናማ ነገር በክርኑ እየዳኸ ወጣ። ዕድሜ ልኩን የሰው ቤት ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው፣ የራሱን ሳሎን ቀዳዳ ረስቷል!

የመጀመሪያዋ ከአምፖሉ ሥር ዞረች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ከዚያ ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። «በስመ አብ!» አሉ ወይዘሮ ትርፍነሽ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ቁጢጥ አሉ። አቶ ቢረሳው በባርኔጣቸው አየሩን ይመክታሉ።

«ጸጉራችሁን ሸፍኑ! ከሸናችበት ይመለጣል!» ወይዘሮ ትርፍነሽ ከነጠላው ሥር ጮኹ።

«እኔ መቼም የሚቀረኝ የለም» አሉ አቶ ሀብተወልድ፣ መላጣቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው።

ባልቻ ከወንበር ላይ ፎጣ መንጭቆ ሲያነሣ የመኝታ ቤቱ በር ተበረገደ። «አባዬ! ናይን! እንዳትመታ!» ናፍቆት ነበረች፣ በሐበሻ ቀሚሷ። በአንድ እጇ መብራቱን አጠፋች፣ በሌላው መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ እናቷን ወደ ሳሎኑ ሳብ አድርጋ የወጥ ቤቱን በር ዘጋች። «ማንም አይንቀሳቀስ። ማንም አያውራ፣ ቢተ፣ እባካችሁ። ጨለማ ከሆነ ራሳቸው ይወጣሉ።»

ሽማግሌ የመጣላት ልጅ ሽማግሎቹን ዝም በሉ ስትል ባልቻ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። በጨለማው ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ክንፍ ሽው ይላል፤ አንድ ጊዜ ጆሮው አጠገብ፣ አንድ ጊዜ ጣሪያው ሥር።

«ሁልጊዜ በውጭ ነው የሚወጡት» አለች ናፍቆት በሹክሹክታ። «ለምን ወደ ውስጥ መጡ?» የበረንዳውን በር ከፍታ ወጣች። ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ ስፖንጅ ሲነቀል፣ ወዲያው ደግሞ ከላይ ዱብ ዱብ ሲሉ። ስትመለስ የመንገዱ መብራት እጇ ላይ ያለውን አሳየ።

«ነፋስ ይሆናል ያመጣው» አለች ራሄል ቶሎ ብላ።

«ነፋስ በልክ ይቆርጣል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ትርፍነሽ።

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

ባልቻ ሊዋሽ ይችል ነበር። ጨለማው ለውሸት የተመቸ ነበር። «ለአንድ ምሽት ብዬ ነው» አለ።

«ውስጥ ልጆቻቸው አሉ። እናቶቹ ካልወጡ አይበሉም። ካልበሉ ወተት የለም። ቃል ሰጥተኸኝ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ!» ሰኔን ሙሉ፣ ሐምሌን ሙሉ ያመቀው ሁሉ ገነፈለ። «ቤቴ ነው! ለወፍ ሕግ አለ፣ ለቀበሮ ሕግ አለ፣ ለእኔ ምን አለ? ልጄን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች ፊት ቤቴን ወና አስመሰሉብኝ! ሳትሄጂ ገና ወና አስመሰሉት!»

ባልቻ ምን እንዳለ የሰማው ካለው በኋላ ነው።

ናፍቆት ስፖንጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቀን ልትሰጣቸው ነበር፣ አይደል?» አለች። «አውቅሃለሁ እኮ።» አልጮኸችም። ቃላቱን እየለቀመች ቀጠለች። «አንተ ቃልህን አልጠበቅክም። እኔ ግን እጠብቃለሁ። እምቢ ካልክ አልሄድም። ቀን ከሰጠህ እጠብቃለሁ። ሰዎቹ ጠይቀውሃል። መልስላቸው።»

ጮኻ ቢሆን ይሻለው ነበር። በሩን ወርውራ ሄዳ ቢሆን ተቆጥቶ ይገላገል ነበር። የፈለገው ይኸው እጁ ላይ ወደቀለት፤ አንድ ቃል ከተናገረ ልጁ ትቀርለታለች። ትቀራለች፤ ማታ ማታ ደረጃውን ትወጣለች፣ እሁድ እሁድ አብራው ምሳ ትበላለች፣ ሻይ ትቀዳለታለች፣ አንድ ቀን እንኳ አትወቅሰውም። አለመውቀሷን ግን አይችለውም።

«ሰጥቻችኋለሁ» አለ።

«ምን አሉ?» አሉ አቶ ቢረሳው።

«ልጄን ሰጥቻችኋለሁ አልኩ። ቀን የለም፣ ቀጠሮ የለም። እግዚአብሔር ይባርካቸው። አሁን ተቀመጡ።»

«አሜን፣ አሜን» አሉ አቶ ሀብተወልድ፤ ወንበር በዳበሳ ሲፈልጉ የሆነ ነገር ገለበጡ። ወይዘሮ ትርፍነሽ ነጠላቸውን ገፈው እልል ሊሉ አየር ሳቡ።

«ሽሽሽ!» አለች ናፍቆት። «ገና አልወጡም።»

ሴትዮዋ እልልታቸውን ዋጡት። ራሄል አፍንጫዋን ትጠራርጋለች። ባልቻ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። ናፍቆት ገና በዳዴ ስትሄድ ጀምሮ ይህ ቀን በዓይኑ ይመጣበት ነበር፤ ሲመርቃት ፊቷን እንደሚያይ አስቦ ነበር፣ ብቻ ፊቷን። እነዚህ የተረገሙ ወፎች ይህንንም ወሰዱበት!

«ናፍቆት» አለ።

«አቤት፣ አባዬ።»

ድምፅዋ እርጥብ ነው። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አልቻለም። ግድግዳውን እየዳበሰ ሄዶ ማብሪያው ላይ ደረሰ፤ ጣቱን ጫነበት።

«አባዬ፣ አንዷ ቀርታለች» አለች። «መስኮቱን አጥታው ነው።»

ክንፉ ከአናቱ በላይ ሽው አለ፤ ዞረ፣ ተመልሶ ዞረ። ባልቻ ጣቱን ከማብሪያው ላይ አነሣ።

«እስክትወጣ እንጠብቃታለን» አለና፣ ፊቷ ወዳለበት ዞሮ ቆመ።